ስምንት ቀን

በላይፕዚግ ጫፍ፣ ትራሙ ዞሮ በሚመለስበት፣
አርባ ሰባት ቁጥር አለች፣ አባቴ ያረጀባት፣
በውል የተያዘች፣ ደንብ የበዛባት ቁራጭ መሬት።
አጥሯ ከወገብ እንዳያልፍ፣ ሣሯም እንዳይረዝም፣
እሑድ ለታ መዶሻ ማንሳት ፈጽሞ አይፈቀድም።
«መሬት ላራሹ ብለን አደባባይ ስንወጣ፣
ዶማ የጨበጠ እጅ ከመሐላችን ታጣ»
ይለኝ ነበር ይልቃል፣ አባቴ፣
ከጥፍሩ ሥር አፈር በክብሪት እንጨት ሲያወጣ።

ባለፈው መስከረም፣ ሆስፒታል በተኛ በሳምንቱ፣
ቲማቲሙ በፍሬ ብዛት ተጎንብሶ ነበር አናቱ።
«ሂጂና ልቀሚው» አለኝ።
«እሺ» አልኩት። አልሄድኩም።
የጉሉኮሱን ጠብታ ስቆጥር ሌላ ነገር አልታየኝም።
ፍሬው በቆመበት ፈረጠ፤ ወደቀ፤ በረዶ ለበሰ፣
አፈሩ በውርጭ ጠጥሮ ሳለ የሱም ቀን ደረሰ።

ከማኅበሩ ደብዳቤ መጣ፦ ትወርሻለሽ? ትለቂያለሽ?
ቁልቋል እንኳ በውኃ ጥም የገደልኩ ሴት፣
እወርሳለሁ ብዬ ፈረምኩ።

የተረፈኝ ደብተር ነው፤ ጠርዙን ጭቃ የነካው።
«ጤና አዳሙን ውኃ አታብዢበት፤ ጥጋብ ነው የሚገድለው።
ጽጌረዳዋን ስትከረክሚ አትዘኚላት፤ ካዘንሽላት ትለግማለች።
ዳሊያዋን ከውርጭ በፊት ቆፍረሽ አውጪያት፤
በጋዜጣ ተጠቅልላ ምድር ቤት ትከርማለች፤
የስፖርቱን ገጽ ግን አስቀሪልኝ።»
ከሥሩም በቀይ እስክሪብቶ፣ ሁለቴ ተሰምሮበት፦
«ግንቦት ሰባት ሳይሞላ ቲማቲም አይወጣም ከቤት።»

ዘሩን ከፖስታው አውጥቼ በእርጎ ዕቃ አፈላሁት፣
አሥራ ሁለት ችግኝ ሆነ፤ በመስኮቴ ፀሐይ አሞቅሁት፣
ግንቦት ሰባት ማለዳ፣ ቀን ጠብቄ፣ ኮርቼ ተከልኩት።
በአራተኛው ሌሊት ውርጭ መጣ።
ጠዋት ስደርስ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ተኝቷል፣ በሙሉ።
ፍራው ክራውዘ አንገቷን በአጥሩ ላይ አስግጋ፣
«ቀዝቃዛዋ ሶፊያ ሳታልፍ? ምነው? አባትሽ እኮ…» አለች፣
አልጨረሰችውም።

ደብተሩን ገለጥኩ። ግንቦት ሰባት ይላል።
ተናደድኩበት። ሞቶም ሰው ያሳስታል?
ከዚያ ገባኝ፤ ቀስ ብሎ፣ ብርድ በጫማ ሶል እንደሚገባ።
የሱ ግንቦት ነው። የኔ አይደለም።
የኔ ግንቦት በስምንት ቀን ይቀድማል፤ ይቸኩላል።

አርባ ዓመት ደመወዙን በነሱ ቀን ተቀበለ፣
ኪራዩንም ግብሩንም በነሱ ቀን ከፈለ፤
አፈሩን ግን ማንም ሳያውቅ በራሱ ወር ዘራ፣
ቀዝቃዛዋን ሶፊያ በሥላሴ ቀን እየጠራ።
በአንድ ጣሪያ ስንኖር፣ በአንድ ሳህን ስንበላ፣
ስምንት ቀን ተዘርግቶ ነበር በመካከላችን፤ አላየሁትም።
«ቆይ፣ ገና ነው» ሲለኝ ዘገምተኛ ይመስለኝ ነበር።
ለካ ገና ነበር።

ሰኔ ገባ። አረም ልነቅል ጎንበስ ስል፣
አምና ያልለቀምኩት ፍሬ የፈረጠበት ሥፍራ ላይ፣
አምስት፣ አይ፣ ስድስት፣ ጠጉራም፣ ተፋፍገው።
ቅጠሉን ነካሁ፤ እጄ የሱን እጅ ሸተተ።
«ወፍ ዘራሽ» ይለው ነበር ማንም ሳይተክለው የሚበቅለውን፣
አማርኛዬ ሲሰናከልም ያንኑ ስም ያወርሰኝ ነበር፣ እየሳቀ፣ እኔን፣
በዚህ አፈር ሳይታሰብ የበቀልኩትን።

ድጋፍ እንጨት ይፈልጋሉ። መዶሻው እጄ ላይ ነው።
ግን እሑድ ነው።
ውኃ አጠጣኋቸው። የዛገውን በር እሱ እንደሚያደርገው
ትንሽ ከፍ፣ ከዚያ ገፋ አድርጌ ዘጋሁት።
«ሰኞ እመጣለሁ» አልኳቸው።
ሰኞ በሱም በኔም ሰኞ ነው።